አባቷ የተነፈሰ ዕለት

«እኔ ያስተማርኳት ልጅ እንዲህ አትጫወትም።»

ልጅቷ ይህን የሰማችው ጠዋት ጥርሷን እየቦረሸች፣ አፏ በአረፋ ተሞልቶ ነው። አባቷ ሳሎን ሆኖ ስልክ ያወራል። ሹክ ያለ መስሎታል። የሚያሳዝነውም የሚያስቀውም ይኸው ነው፤ ሰውዬው ሠላሳ ዓመት ሙሉ መንገድ ቀያሽ ነበር፤ ድንጋይ በደማሚት ሲፈነዳ አጠገቡ እየቆመ ጆሮው ደክሟል። ስለዚህ እሱ ሹክ ሲል ጎረቤት ይሰማል፤ ሲጮህማ አያድርስ ነው። «እኔ ምን አውቃለሁ ወንድሜ» አለ ቀጥሎ። «በሩን ዘግታ ነው የምትጫወተው። ድሮ እንዲህ አልነበረችም፤ ድሮ አጠገቧ ነበር የምቀመጠው። አሁን ዘግታ ትገባለች፣ አሸንፋ ትወጣለች። እና ምን ልበልህ? እውነቱን ንገረኝ ካልከኝ እኔም ጠርጥሬያለሁ።»

ቧንቧውን ለቀቀችው። ድምፁን እንዳትሰማ ነው እንጂ ውሃውን ፈልጋው አይደለም። ሌላ ሰው ቢላት ግድ አልነበራትም፤ ሲሏት ነው የከረሙት። የገዛ አባቷ ግን! ተጉመጠመጠች፣ ፊቷን ታጠበች፣ ደግማ ታጠበች፣ ፎጣውን ፊቷ ላይ ይዛ ቆመች። ከዚያ ወጥታ «ደህና አደርክ አባዬ» አለችው። እሱም ስልኩን ኪሱ እየከተተ «ደህና አደርሽ የኔ ልጅ፣ እንቅልፍ ወሰደሽ?» አላት፣ ምንም እንዳልተፈጠረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዓመት አንዴ የሚደረግ ትልቅ የሴቶች የቼዝ ውድድር አለ፤ አሥር ሴቶች ብቻ የሚጠሩበት። ስምንቱ በደረጃቸው ይጠራሉ፤ እነሱ አሰልጣኝ ያላቸው፣ ሥራቸው ቼዝ የሆነ፣ ስማቸው የታወቀ ናቸው። የቀሩት ሁለት ወንበሮች ግን ለማንም ክፍት ናቸው፤ ማንም ሲባል ደግሞ እውነትም ማንም ነው፣ የመነጽር ቤት ሠራተኛም ብትሆን። የመጀመሪያው ማጣሪያ እያንዳንዷ ቤቷ ተቀምጣ በኢንተርኔት የምትጫወተው ነበር፤ አራት መቶ ያህል ሴቶች ገቡበት። ይህቺ ልጅ፣ ቀኑን ሙሉ የመነጽር መስታወት ስትሞርድ የምትውል፣ ማታ ጣቶቿ ላይ የመስታወት ዱቄት ይዛ የምትገባ ልጅ፣ ከአራቱ አንዷ ሆና ወጣች። አራቱ ሁለት ሁለት ሆነው ይጋጠማሉ፤ ያሸነፈችው ወንበሩን ትወስዳለች። ይኼኛው ዙር ድብልቅ ነው፣ ግማሹ በአካል ግማሹ በኢንተርኔት። ተጋጣሚዋ ባሕር ማዶ በራሷ ከተማ አዳራሽ፣ እሷም በራሷ ከተማ አዳራሽ፣ ሁለቱም ዳኛ ፊት ተቀምጠው ጨዋታው ግን በኮምፒዩተር ነው። የግጥሚያው ቀን ዛሬ ነው።

አባቷ ከሰዓት በኋላውን የሚያሳልፍበት የቼዝ ክለብ ውስጥ ወሬው አንድ ብቻ ነበር። «ቤቷ ቁጭ ብላ፣ በሯን ዘግታ፣ ኮምፒዩተር ይንገራት አይንገራት ማን አይቷት?» ይሉ ነበር። ከሁሉ አብዝቶ የሚያወራው ደግሞ መካኒኩ ነው፤ ትልቅ ሰውዬ፣ ጥፍሩ ውስጥ ሁልጊዜ ግሪስ የማይጠፋ፣ ልጅቷ አሥራ አራት ዓመቷ ሳለ በአሥራ ዘጠኝ ጉዞ አሸንፋው እስከዛሬ ያልረሳላት። ጠዋት ስልክ ላይ የነበረውም እሱ ነው። መካኒኩ ቢያማት አይገርምም፤ ያሸነፈቻችሁን ልጅ ማማት ቀላል ነው።

በሩን የዘጋችበት ምክንያት ግን ሌላ ነበር፤ ለማንም ነግራው አታውቅም። አባቷ ይተነፍሳል። ከዘጠኝ ዓመቷ ጀምሮ ስትጫወት አጠገቧ ወንበር ስቦ ይቀመጣል፣ አንዲት ቃል አይወጣውም፣ በዚህ አይታማም። ግን ልትሳሳት ስትል «እህ!» ይላል፣ በአፍንጫው፣ ራሱም ሳያውቀው፤ በዚያ ጆሮው ራሱን የት ሰምቶት! ልጅ ሳለች ጨዋታ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ግን በኢንተርኔት ደህና ውድድር ላይ ሆና፣ ንግሥቷን ልታንቀሳቅስ ማውዙ ላይ ጣቷን እንዳደረገች ያቺ ትንፋሽ መጣች። እጇን መለሰች፣ ሌላ ጉዞ አየች፣ አሸነፈች። አባቷ ደስ ብሎት ጀርባዋን መታ መታ አደረገላት። እሷ ግን ደስ አላላትም። ይኼ እኮ እርዳታ ነው። አንድ ሰው ኮምፒዩተር ከጠረጴዛ ሥር ደብቆ ከሚያየው በምን ይለያል? ለእሱ እንዳትነግረው ደግሞ እንዴት ብላ! እናቷ ካረፈች ወዲህ የቀረችለት ደስታ ያቺ ወንበር ብቻ ናት። «ካሜራው ከኋላ ሰው ካለ ያስቸግራል አባዬ» ብላ ዋሸችውና በሩን ዘጋች። እንግዲህ ሌባ ላለመሆን የዘጋችውን በር ነው አባቷ የሌባ በር ነው ብሎ ያሰበው። ጉድ እኮ ነው።

ቁርስ ሲበሉ ከአባቷ የሳሙናና የተተኮሰ ሸሚዝ ሽታ ይመጣ ነበር፤ ትናንት ማታ ነው ሸሚዙን የተኮሰው፣ ኮሌታው ላይ ሁለቴ ውሃ ረጭቶ። ጫማውን በር ላይ አጋድሞ ጠርጎታል። ልብሱን አስተካክሎ «ዛሬስ ታክሲ እንያዝ፣ የውድድር ቀን በአውቶብስ አይሄድም» አለ። ከዚያ ደግሞ የታክሲው ሰውዬ ዋጋ ሲጠራ «ምን? ልትሸጥልን ነው እንዴ መኪናውን?» ብሎ ተቆጣና በአውቶብስ ሄዱ። ልጅቷ ከእንጨት የተሠራ የቼዝ ገበታዋን ጭኗ ላይ አድርጋ በመስኮት ታያለች። ልትለው ትችል ነበር። ሰምቼሃለሁ፣ እንዴት እንዲህ ታስበኛለህ ልትለው። እሱም አንድ ነገር ሊናገር አፉን ከፈት አድርጎ «ይሄ አስፋልት ገና ሦስት ዓመቱ ነው፣ አያችሁት እንዴት እንደተሰነጠቀ?» አለ፣ ለእሷም ለአውቶብሱም ሰው።

አዳራሹ የኮምፒዩተር ማሰልጠኛ ነው፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ሊፍቱ ተበላሽቶ ከቆመ የከረመ። ሃያ ኮምፒዩተሮች ጥግ ተደርድረው በጨርቅ ተሸፍነዋል፤ አንዱ ብቻ መሃል ላይ ተከፍቷል። አንድ ካሜራ ከፊት፣ አንድ ካሜራ ከጎን። ዳኛው ቀጭን፣ ሥርዓት የሚወድ ሰው ነው፤ በሥራ ቀን የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ይጠብቃል፤ ድምፁም ሰው መጽሐፍ እያነበበ አጠገቡ ያለ ይመስል ዝቅ ያለ ነው። የሁሉንም ስልክ ሰብስቦ ብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ከተተ። ልጅቷን በመፈተሻ መሣሪያ ፈተሻት፣ ጆሮዋን አየ፣ ይቅርታ እየጠየቀ። ከኋላ ግድግዳውን ተጠግተው አምስት ወንበሮች ነበሩ፣ ለተመልካች። አባቷ ሦስተኛው ላይ ተቀመጠ። መካኒኩ ከክለቡ ሁለት ሰው አስከትሎ መጣና አጠገቡ ወንበሩን እያንቋቋ ተቀመጠ። «በአካል ሲሆን ደግሞ እናያታለን» አለ፣ እንዲሰማለት ፈልጎ። አባቷ ጉልበቱን አየ።

«የእንጨት ገበታ ከጎን ማስቀመጥ ይፈቀዳል?» ብላ ጠየቀች። ዳኛው ወረቀቱን ገልጦ ቃል በቃል አነበበላት። ይፈቀዳል፤ የሚቆጠረው ግን ኮምፒዩተሩ ላይ የተሄደው ብቻ ነው፤ እንጨቱ ለዓይን ነው። ይህ የአባቷ ትምህርት ነበር። «ስክሪን ላይ ያለ ፈረስ ሥዕል ነው» ይላታል፤ «በእጅሽ ያልያዝሽውን አታስቢውም።» ስለዚህ ልጅቷ ሁልጊዜ የተጋጣሚዋን ጉዞ ከስክሪኑ ወደ እንጨቱ ታመጣለች፣ እንጨቱ ላይ ታስባለች፣ መጀመሪያ እንጨቱ ላይ ትሄዳለች፣ ቀጥሎ ማውዙን ትይዛለች። ቤቷ ውስጥ ስንት መቶ ጨዋታ እንዲህ ተጫውታለች። ዳኛው ለተመልካቾቹም ዞሮ «መናገር የለም፣ ምልክት የለም፣ መነሳት የሚፈልግ አሁኑኑ» አለ። ማንም አልተነሳም።

የተጋጣሚዋ ፊት በትንሽ መስኮት ስክሪኑ ጥግ ላይ ይታያል፤ ወጣት ናት፣ አንገቷ ላይ ወፍራም ሻርፕ ጠምጥማለች፣ አገሯ ይበርዳል መሰለኝ አፍንጫዋ ቀልቷል። ፈገግ አለችላት። እሷም ፈገግ አለች። የጠዋቱ ጨዋታ ረጅምና ደረቅ ነበር፤ ሁለቱም ፈርተዋል። ንጉሥ ለንጉሥ ተፋጠው አቻ ወጡ። አባቷ ድምፁን አላሰማም፤ ልጅቷ ጆሮዋ ከኋላዋ እንደተተከለ ቆይቶ ነበርና ሲያልቅ ትከሻዋ ታመመ። ከሰዓት በኋላ አንድ ጨዋታ ይቀራል፣ ያሸነፈችው ወደ ትልቁ ውድድር ትሄዳለች።

ምሳ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ዳቦና ሙዝ በሉ። አባቷ ሙዙን ልጦ ሰጣት፣ እንደ ሕፃን። «ጥሩ ነበር» አለ። «አንድ ሁለት ቦታ ላይ ግን...» አለና ዋጠው። ልጅቷ የምታውቀው ነገር ነው፤ በጠዋቱ ጨዋታ የሚያስተነፍስ ነገር ስላልነበረ ነው ዝም ያለው። ከሰዓቱ ጨዋታ ግን ሌላ ነው፣ አንዱ መሞት አለበት። ሙዙን ጨርሳ ልጣጩን እያጠፈች «አባዬ፣ ለምን ቤት ሄደህ ጋደም አትልም? አምስት ሰዓት ሙሉ እንጨት ወንበር ላይ...» አለችው።

«ምነው? አሳፈርኩሽ?»

«ኧረ በፍጹም!»

«እዚህም በር ልትዘጊብኝ ነው?»

ይህን ሲል አላያትም፤ የደረጃውን ብረት ነው ያየው። አሁን ብትናገር ምን አለበት! አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። ግን ጠዋት በሰማችው ነገር ተቆጥታለች፤ የተጠረጠረ ሰው ደግሞ ማስረዳት ይጠላል። «ቁጭ በል እሺ» አለችውና ተነሳች። እሱም ተነሳ፣ ሱሪውን አራገፈ፣ አንድ ደረጃ አስቀድሟት ተከትሏት ወጣ።

የሁለተኛው ጨዋታ ሰዓት ለእያንዳንዳቸው ሠላሳ ደቂቃ ነው፤ በየጉዞው አሥር አሥር ሰከንድ ይጨመራል። ባለ ሻርፗ ቶሎ ቶሎ ተጫወተች፣ የምታውቀው መንገድ ነው መሰለኝ። ልጅቷ ወደ ኋላ ቀረች። የጎን ግድግዳው ላይ ለተመልካች የተሰቀለው ትልቁ ስክሪን ከትከሻዋ ጀርባ ስለሆነ አታየውም፤ እነ መካኒኩ ግን ያያሉ፣ ሰዓቱን ጭምር። አሥራ አምስት ደቂቃ፣ ስምንት ደቂቃ። አንድ ወታደር ተበላባት። መካኒኩ እጁን ደረቱ ላይ አጣጥፎ አገጩን ነቀነቀ፣ አላልኳችሁም ዓይነት። አባቷ ላብ አጠመቀው። መሃረቡን አወጣና ግንባሩን ሳይሆን አፉን ያዘበት። ይህን ማንም ልብ አላለም።

አራት ደቂቃ ሲቀራት እንጨቱ ላይ አንድ ነገር አየች። መጀመሪያ አላመነችውም። ፈረሷን ወስዳ ባዶ ቦታ ላይ፣ ሁለት ወታደሮች ሊበሉት አፋቸውን የከፈቱበት ቦታ ላይ ብታቆመውስ? ለምን? እንዴ! ደጋግማ ቆጠረችው። ተጋጣሚዋ ብትበላውም ጉድ ነው፣ ባትበላውም ጉድ ነው። ፈረሱን በሁለት ጣቷ አንስታ እንጨቱ ላይ አስቀመጠችው፣ ቀስ ብላ፣ በአክብሮት። ከዚያ ወንበሩን ተደገፈችና የባለ ሻርፗን መልስ መጠበቅ ጀመረች።

ማውዙን አልነካችውም።

እንዴት ይረሳል ትሉኝ ይሆናል። ይረሳል። ሌላ ሰው አይረሳም፣ እሷ ትረሳለች፤ ለእሷ ጨዋታው ያለው እንጨቱ ላይ ነዋ! አእምሮዋ ሄዳለሁ ብሏል፣ እጇ ሄጃለሁ ብሏል። ዓይኗ ፈረሱ ላይ ተተክሎ፣ ብትበላው ምን እንደምትመልስ፣ ባትበላው ምን እንደምትመልስ እያሰበች ደስታዋን ታመሰኳለች። በስክሪኑ ላይ ግን እየቆጠረ ያለው የራሷ ሰዓት ነው። ሁለት ደቂቃ ተኩል። ሁለት ደቂቃ። ባለ ሻርፗ በትንሿ መስኮት ውስጥ ጥፍሯን ትበላለች፤ እሷም የምትጠብቀው የልጅቷን ጉዞ ነው።

ከኋላ ላሉት ቀድሞ ገባቸው። ትልቁ ስክሪን ላይ ፈረሱ የድሮ ቦታው ነው፣ እንጨቱ ላይ ደግሞ ተንቀሳቅሷል፤ ከግድግዳው ሥር ሁለቱም ይታያል። መካኒኩ እጁን ከደረቱ ላይ አወረደ። ወደ እንጨቱ አየ፣ ወደ ስክሪኑ አየ፣ ተመልሶ ወደ እንጨቱ አየ፣ ፊቱም ቀስ እያለ ተለወጠ። ኮምፒዩተር የሚነግራት ልጅ እንዲህ አትረሳም። ይኼ ጉዞ ከሌላ ከየትም አልመጣም፣ ከዚያች ጭንቅላት ነው የመጣው። «ወይኔ!» የሚል በከንፈሩ ሠራ፣ ያለ ድምፅ። ዳኛውም አይቷል። ዳኛ ግን መናገር አይችልም፤ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስተኝቶ ጣቶቹን ቆለፈ። አንድ ደቂቃ። አርባ ሰከንድ።

አባቷ መሃረቡን ጥርሱ መሃል አስገብቶ ነበር። ሁለት ነገር ነው ባንዴ የገባው፤ ልጁ ንጹሕ እንደሆነች፣ ልጁ እንደምትሸነፍ። ሃያ አምስት ሰከንድ። ለመውጣት አስቦ ነበር፣ በኋላ ሲናገር እንደሰማሁት። ብነሳ ወንበሩ ይጮሃል ብሎ ፈራ። ዓይኑን ጨፈነ፤ ጨፍኖም ሰዓቱን ያየዋል። አሥራ አምስት። መሃረቡ ከጥርሱ መሃል ወደቀ፣ ሊያነሳው ጎንበስ ሲል ያቺ ትንፋሽ በአፍንጫው አመለጠችው።

«እህ!»

አንዲት ትንፋሽ ናት። ለሌላ ሰው የሽማግሌ ሰው መታከት ነበረች። ልጅቷ ግን ጀርባዋን በመርፌ እንደወጓት ቀና አለች፣ ስክሪኑን አየች፣ ስድስት ሰከንድ፣ ማውዙን ያዘች፣ ፈረሱን ወሰደችው። አሥር ሰከንድ ተጨመረ። ባለ ሻርፗ ጉዞውን አይታ ጥፍሯን ከአፏ አወጣች። ረጅም አሰበች፣ ፈረሱን በላችው። ልጅቷ መለሰች። ከሦስት ጉዞ በኋላ ተጋጣሚዋ ራሷን ነቅንቃ እጅ ሰጠች፣ በመስኮቷ ውስጥ ሆና አጨበጨበችላት። ከአባቷ በቀር አዳራሹ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ተነሳ። መካኒኩ ወንበር ደፍቶ «ይኼ ነው ጨዋታ ማለት! ይኼ ነው!» እያለ ይጮሃል፤ ትናንት ምን ሲል እንደነበር እሱም የረሳው ይመስላል።

ዳኛው ፈገግ ብሎ የውጤት ወረቀቱንና እስክሪብቶውን አቀረበላት። ልጅቷ እስክሪብቶውን ያዘች። ወንበሩ የእሷ ነው፤ አሥር ሴቶች፣ እሷ አሥረኛዋ። ያቺን ትንፋሽ ከሺህ ሰው ትንፋሽ ትለያታለች። ባትሰማት ኖሮ ስክሪኑን ታየው ነበር ወይ ብላ ራሷን ጠየቀች፤ በእውነት ጠየቀች፣ አዎ የሚል መልስ እንዲመጣላት ለምና ጠየቀች። አልመጣም። ዝም ብትል ማንም አያውቅም። እሷና እሱ ብቻ። እሱ ደግሞ ጠዋት ያለውን ብሏል፤ አሁን ዝም ካለች ልክ ነበርክ ማለት ነው።

«አልፈርምም» አለች። «ሰው ረድቶኛል። ከኋላዬ ድምፅ ሰምቼ ነው ስክሪኑን ያየሁት።»

ዳኛው በዚያች ዝቅ ባለች ድምፁ «ምን ዓይነት ድምፅ?» አለ። እሱም ሰምቷል፣ ሰው ነው፤ ግን ትንፋሽን ማን ይመዘግባል? «ትንፋሽ» አለች ልጅቷ። «የአባቴ ነው። ስሳሳት እንዲህ ነው የሚተነፍሰው።» ዳኛው ወደ ሦስተኛው ወንበር ዞረ። ጥሩ ሰው ነው፤ ጨዋታው አሳዝኖታል፣ ልጅቷም አሳዝናዋለች፣ ስለዚህ ለሽማግሌው በር ከፈተለት። «አባባ፣ ጉንፋን ይዞዎታል መሰለኝ» አለ። «አዳራሹም አቧራ አለው። ሳያውቁት የወጣ ነገር ነው አይደል?» መካኒኩም በክርኑ ጎሸመው፤ ሹክ ማለት የማያውቀው አባቷ ብቻ አይደለም ለካ፣ «አዎ በል እንጂ ሰውዬ! ጉንፋን ነው በል!» አለው፣ ዳኛውም እየሰማ።

አባቷ ተነሳ። መሃረቡን ከመሬት አነሳ፣ አጠፈው፣ ኪሱ ከተተው። ልጁን አያት። አልለመነችውም፣ አልተቆጣችውም፣ ዝም ብላ ነው የምታየው፤ ምን እንደሚል ለማወቅ ብቻ። እሱ ደግሞ ምን ቢል የት እንደምትደርስ ያውቃል። አንዲት «አዎ» ናት። አሥር ሴቶች፣ ትልቅ ከተማ፣ ስሟ በትልቅ ሰሌዳ ላይ።

«ጉንፋን የለብኝም» አለ። «ሰዓቷ ሲያልቅ አይቼ ነው። አላስቻለኝም። ከአፍንጫዬ አመለጠኝ፣ ያመለጠኝ ግን አይቼ ነው። ልጄ እውነቷን ነው።»

ከዚያ በኋላ ያለው የወረቀት ሥራ ነበር። ዳኛው ሩቅ አገር ላለው ዋና ዳኛ በቪዲዮ ነገረው፤ እሱም ባለ ሻርፗን አዳራሽ አገናኘ፤ ሃያ ደቂቃ ያህል ተነጋገሩ። ውሳኔው መጣ። ከውጭ እርዳታ ያገኘ ተጫዋች ጨዋታውን ይሸነፋል፤ ወንበሩ የባለ ሻርፗ ነው። ባለ ሻርፗ በመስኮቷ ውስጥ ሲነገራት ደስ ያላት አትመስልም ነበር፤ አንድ ነገር ተናገረች፣ ድምፁ ግን ተዘግቶ ስለነበር አልተሰማም። ልጅቷ ፈረመች። ዳኛው ብስኩት ቆርቆሮውን ሲከፍት መካኒኩ ስልኩን ከመውሰዱ በፊት ልጅቷ ፊት ቆመ። ግሪስ የጠገበ እጁን ዘርግቶ ጨበጣትና ሄደ።

ቆጫት። እንዴት አይቆጫት! ደረጃውን ስትወርድ አይደለም፣ ታች ስትደርስ፣ ሰኞ ጠዋት መነጽር ቤቱ እንደተለመደው እንደሚከፈት ትዝ ሲላት ነው። አውቶብስ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች፣ ሳትደበቅ። አባቷ አጠገቧ ቆመ። መቀመጥ አልደፈረም። አንድ አውቶብስ መጣ፣ ሰው ጫነ፣ ሄደ።

«በሩን የምትዘጊው ለዚህ ነበር?» አላት።

«አዎ።»

«ታዲያ ለምን አትነግሪኝም?»

«ምን ልበልህ? አባዬ አትተንፍስ ልበልህ?»

ሳይፈልግ ሳቅ መጣበት፣ ሳቁ ግን መሃል ላይ ተሰበረ፤ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። «እኔ ጠርጥሬሽ ነበር» አለ። «ለሰውም ተናግሬያለሁ። አፌን ሞልቼ።»

«ሰምቻለሁ።»

«መቼ?»

«ዛሬ ጠዋት።»

ያን ሁሉ ሰዓት፣ በአውቶብሱ፣ በደረጃው፣ ሙዝ ሲልጥላት፣ ይህን ይዛ እንደነበር አሁን ነው የገባው። አጠገቧ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። «ይቅር በይኝ» አላት፣ «እናትሽ ብትኖር ኖሮ አታናግረኝም ነበር።» ልጅቷ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገችና ትከሻዋን ትከሻው ላይ አሳረፈች። ሁለተኛውም አውቶብስ መጣ፤ ማንኛቸውም አልተነሱም።

«እንኪ» አላት በመጨረሻ። አግዳሚው ጀርባ ያለው መስታወት አቧራ ጠጥቶ ነበር፤ በጣቱ አራት ማዕዘን ሠራበት፣ ቀያሽ ስለነበር መስመሩ ቀጥ ያለ ነው፣ ስምንት በስምንት። «ፈረሱ እዚህ ነበረ። እዚህ ሄደ። ሰዓቱን ነው ያየሁት እንጂ ጉዞውስ ምኑም አልገባኝም። እኔ ብሆን ግንቡን ወደ ኋላ ነበር የምመልሰው።»

«ግንቡን ብትመልሰው ትሞታለህ።»

«ይኸው! እንዴት?»

ልጅቷ ዓይኗ ገና አልደረቀም ነበር። ጣቷን መስታወቱ ላይ አድርጋ ፈረሱ ሲበላ ምን እንደሚከፈት፣ ንጉሡ የት እንደሚጨናነቅ ቶሎ ቶሎ ማሳየት ጀመረች፣ እሱ ድሮ ያሳያት እንደነበረው፣ እሱ የሚያውቀውን ሰው ሁሉ የሚያውቀው እየመሰለው እንደሚቸኩለው። አባቷ አንገቱን አቅርቦ፣ አፉን ከፍቶ ተከታተላት፣ አራተኛው ጉዞ ላይ ጠፋበት።

«አንዴ ቆይ፣ ቆይ» አለ፣ ጣቷን ያዝ አድርጎ። «አልገባኝም። ቀስ ብለሽ ከመጀመሪያው አስተምሪኝ።»